የፊት ፓራውልቱ ጎን አልላቀቅ ሲል

ጥያቄው፦ «ትልቅ ኤስዩቪ አለኝ፤ የፊት ፓራውልቱ ፕላስቲክ ነው። የተሰበረውን የጭጋግ መብራት መያዣ ልቀይርና ራዲያተሩን ከፊት በኩል ላጸዳው ብዬ እቤት እያወለቅኩት ነው። ከላይ፣ ከግሪሉ ዙሪያና ከታች የሚታየኝን ብሎንና ክሊፕ ሁሉ ፈትቻለሁ። መሐሉ ወደ ፊት ይወዛወዛል፤ ሁለቱ ጫፎች ግን ከፓራፋንጎው (ከጎማው በላይ ካለው የጎን አካል) ጋር እንደተጣበቁ ቀርተዋል። በኃይል ልሳበው ወይስ ያልፈታሁት ነገር አለ? ስመልሰውስ ምን ልጠንቀቅ?»

አይሳቡት፤ ቢያንስ ወደ ፊት አይሳቡት። መሐሉ ተላቆ ጫፎቹ ብቻ ሲይዙ ምክንያቱ ከሁለት አንዱ ነው፦ ወይ በጎማው ቤት ውስጥ የተደበቀ ብሎን ቀርቷል፣ ወይ ብሎኑ ሁሉ ተፈትቶ የጎን መያዣው ጥርስ ብቻ ነው የያዘው። ብሎን ቀርቶ ከሆነ ሲሳብ የሚቀደደው የፓራውልቱ ጆሮ፣ ማለትም ብሎኑ የሚያልፍበት ትንሽ የፕላስቲክ ቅጥያ፣ ነው። ጥርሱ ከሆነ ደግሞ ወደ ፊት በሳቡት ቁጥር ይበልጥ ይነክሳል፤ የተሠራውም ለዚሁ ነው።

የትኛው እንደሆነ በእጅ ይለያል። ጣትዎን በጎማው ቤት ጠርዝ በኩል ከፓራውልቱ ከንፈር ጀርባ አስገብተው ወደ ውጭ፣ ማለትም ወደ ጎን፣ ቀስ ብለው ይክፈቱት። ታችኛው ክፍል ጥቂት ሚሊ ሜትር ተከፍቶ አንድ ነጥብ ላይ ሲደርስ ድርቅ ካለ፣ በዚያ ነጥብ አካባቢ ብሎን አለ። ጠርዙ ከታች እስከ መብራቱ ድረስ እኩል ጥብቅ ብሎ፣ ትንሽ እየተለጠጠ ከተመለሰ ግን የያዘው ጥርሱ ነው።

ከብሎኑ እንጀምር፤ በብዛት የሚረሳው እሱ ነውና። ፓራውልቱና ፓራፋንጎው በሚገናኙበት ጥግ፣ ከጎማው ቤት የውስጥ ሽፋን ጀርባ፣ በየጎኑ 1 ወይም 2 ብሎን ይቀመጣል። ከውጭ አይታይም፤ ፊት ለፊት ተንበርክከው ቢፈልጉትም አያገኙትም። አንዳንዱ ከታች ወደ ላይ ይገባል፣ አንዳንዱ ከውስጥ ወደ ውጭ። ለመድረስ መሪውን ማዞር ያስፈልጋል፦ የግራውን ጎን ሲሠሩ መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ቀኝ፣ የቀኙን ሲሠሩ ወደ ግራ። እንዲህ ሲሆን የጎማው ፊት ወደ ውስጥ ይገባና ለእጅዎ ቦታ ይለቃል። በተቃራኒው ካዞሩት ጎማው ራሱ መንገዱን ይዘጋዋል። የትልቅ መኪና ጎማ ቆሞ በእጅ ብቻ አይዞርም፤ ሞተሩን አስነስተው ያዙሩና መልሰው ያጥፉት። ስለዚህም ነው የሁለቱን ጎማ ቤቶች ሥራ ባትሪው ከመነቀሉ በፊት መጨረስ የሚሻለው።

ሽፋኑን ሙሉ በሙሉ ማውጣት አያስፈልግም። የፊተኛውን ግማሽ የያዙትን ከ3 እስከ 6 የሚሆኑ ብሎኖችና ክሊፖች ፈትተው ወደ ኋላ ቢያጥፉት እጅና ትንሽ መብራት ያስገባል። ከዚያ በዓይን ሳይሆን በጣት ይፈልጉ፤ ጥጉ ላይ የብሎኑን ራስ ይነኩታል። በጃፓን መኪኖች አብዛኛውን ጊዜ 10 ቁጥር ነው፤ በአሜሪካ ሥሪት 7፣ 8 ወይም 10፤ በጀርመን ሥሪት ደግሞ 8 ወይም 10 ቁጥር፣ አለዚያም ባለ ኮከቡ ቶርክስ ቲ25 ወይም ቲ30። ቦታው ጠባብ ስለሆነ ረጅም ቡሶላ (በብሎኑ ራስ ላይ የሚሰካ መፍቻ) አይገባም፤ አጭር ቡሶላ በትንሽ ራቼት ወይም ቀጭን መፍቻ ይያዙ። ወደ ላይ የገባውን ብሎን ሲፈቱ ከስሩ እጅዎን ያስቀምጡ። ወደ ታችኛው ሽፋን ከወደቀ ሲነዱ ሲንኳኳ ይከርምብዎታል።

ትልልቅ ኤስዩቪዎች ላይ ሌላ መጋረጃ አለ፦ በጎማው ቤት ዙሪያ የሚዞረው ጥቁሩ ወይም ቀለም የተቀባው ሰፊ ጠርዝ። ብዙ ጊዜ ከፓራፋንጎው ጀምሮ ፓራውልቱ ላይ ያልፋል፤ የምንፈልገውም ብሎን ከሥሩ ይሆናል። የእርስዎ መኪና እንዲህ ከሆነ ጠርዙን ከፊት በኩል ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ መግለጥ ይበቃል። የፕላስቲክ መላጫ፣ ማለትም ክሊፕ መንቀያ ጠፍጣፋ መሣሪያ፣ ከእያንዳንዱ ክሊፕ አጠገብ አስገብተው ቀጥ አድርገው ወደ ውጭ ያውጡት፤ በሁለት ክሊፖች መካከል ይዘው ከጎተቱት ጠርዙ ይታጠፍና በጥቁሩ ፕላስቲክ ላይ የማይጠፋ ነጭ መስመር ይቀራል። እነዚህ ክሊፖች ከሁሉም ቀድመው የሚሰበሩ ናቸው። ሥራው ከመጀመሩ በፊት 10 ያህል መለዋወጫ መያዝ ብክነት አይደለም።

ዝገት የበላው ብሎን ሲፈታ ሌላ ችግር ያመጣል። ብሎኑ የሚገባው በተበየደ ዳዶ (ብሎን የሚጠብቅበት ባለ ቀዳዳ ብረት) ሳይሆን በቆርቆሮ ላይ በተሰካ ክሊፕ መሰል ዳዶ ስለሆነ ሁለቱ አብረው ይሽከረከራሉ፣ ብሎኑም አይወጣም። ዘልቆ የሚገባ ዘይት ረጭተው ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይጠብቁ፤ ከዚያ የብሎኑን ራስ በመላጫ ወደ ውጭ እየገፉ ያዙሩት። ካልሆነ ዳዶውን በፒንሳ ከጀርባ ይያዙ። የኤሌክትሪክ መምቻ መፍቻ እዚህ አይግባ፤ ዳዶውን ከቦታው አውጥቶ ጆሮውን ይሰነጥቃል።

አሁን ወደ ጥርሱ። ከፓራፋንጎው የፊት ጠርዝ ሥር የፕላስቲክ ሐዲድ በብሎን ታስሯል፤ ላዩ ላይ ከ4 እስከ 8 ጥርስ አለው። የፓራውልቱ ከንፈር ደግሞ በየጥርሱ ልክ መስኮት አለው። ጥርሱ መስኮቱ ውስጥ ሲገባ በፓራውልቱና በፓራፋንጎው መካከል ያለው ክፍተት ወረቀት የማያስገባ ይሆናል። የሚላቀቀው ከንፈሩ ወደ ጎን ሲከፈት ብቻ ነው።

ከመጀመርዎ በፊት የፓራፋንጎውን ጠርዝና የመብራቱን ጥግ በወረቀት ፕላስተር ሁለት ድርብ ይሸፍኑ። የፓራውልቱ ጥግ ሲላቀቅ ወደ ኋላ ይመታል፤ ቀለም የሚጫረው በዚያች ሰከንድ ነው። ከዚያ አንዱን መዳፍ ፓራፋንጎው ላይ አሳርፈው፣ በሌላው እጅ የፓራውልቱን ጠርዝ ከጎማው ቤት በኩል ይያዙና ወደ ውጭ አጭርና ፈጣን ምት ይስጡት። ቀስ ብሎ መለጠጥ እዚህ አይሠራም፤ ፕላስቲኩ ይለጠጥና ይመለሳል፣ ጥርሱ ግን አይለቅም። የመጀመሪያው ጥርስ ቷ ብሎ ይለቃል። እጅዎን ወደ መብራቱ እያስጠጉ አንድ በአንድ ይቀጥሉ። 1 ወይም 2 ሳንቲ ሜትር መከፈቱ በቂ ነው፤ ከዚያ በላይ መክፈት ቀለሙን ይሰነጥቃል።

ከመብራቱ ሥር ያለው የመጨረሻው ጥርስ አንዳንዴ ቁልፍ አለው፤ በቀጭን የፕላስቲክ መላጫ ተጭነው ካልያዙት አይለቅም። ሁለቱም ጎን ተላቆ መሐል ላይ እንደገና ከያዘ ደግሞ ከእነዚህ አንዱ ቀርቷል ማለት ነው፦ ከታርጋው ጀርባ ያለ ብሎን፣ በታችኛው ግሪል ቀዳዳ ውስጥ ያለ ብሎን፣ ወይም የመጎተቻ መንጠቆው ክዳን የሸፈነው። የፊት መብራት ማጠቢያ ያላቸው መኪኖች ላይ የመርጫዎቹ ክዳን ፓራውልቱ ቀዳዳ ላይ ተቀርቅሮ ያግዳል። መርጫውን በእጅ ወደ ፊት ስበው አውጥተው፣ ሳይለቁት ክዳኑን ይንቀሉ፤ ከለቀቁት በስፕሪንግ ተመልሶ ይገባል።

የአየሩ ቅዝቃዜ ከሥራው ውጤት ጋር ብዙዎች ከሚገምቱት በላይ ይያያዛል። ፓራውልቱ የሚሠራው በአብዛኛው ጎማ ከተቀላቀለበት ፖሊፕሮፒሊን ነው፤ ሲሞቅ ይለጠጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይሰበራል። ማለዳ በብርድ የሚሰበረው ጆሮ ከቀትር በኋላ ሳይሰበር ይወጣል። አየሩ ቀዝቃዛ ከሆነ ጥጉን በፀጉር ማድረቂያ ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ያሙቁት፤ ለእጅ ሞቅ ካለ በቂ ነው።

ፓራውልቱ ከመውጣቱ በፊት ግን ስለ ባትሪው። ከፓራውልቱ ጀርባ፣ በራዲያተሩ መያዣ ወይም በሻንሲው ጫፍ ላይ፣ ኤርባጉን የሚቀሰቅሱ የግጭት ሴንሰሮች አሉ። ቁልፉን አጥፍተው የባትሪውን ነጌቲቭ ገመድ ይንቀሉና ይጠብቁ፤ በሲስተሙ ውስጥ የተጠራቀመው ኃይል እስኪያልቅ ነው። የቶዮታ የጥገና መመሪያዎች ቢያንስ 90 ሰከንድ ይላሉ፤ ከዚያ በላይ የሚጠይቁም አምራቾች ስላሉ 10 ደቂቃ መጠበቅ ለማንኛውም አይጎዳም። ባትሪው ከኋላ ያለበት መኪና ከሆነ የኋላውን በር ክፍት ይተዉት፤ በኤሌክትሪክ የሚከፈት በር ባትሪ ከተነቀለ አይታዘዝም። ሃይብሪድ ከሆነ ደግሞ ብርቱካናማ ሽፋን ያላቸውን ገመዶች አይንኩ፤ ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚያልፍባቸው ናቸው፣ የ12 ቮልቱ ባትሪ መነቀሉም እነሱን ለመንካት ፈቃድ አይሰጥም።

ከዚህ የሚከተል አንድ ጥብቅ ነገር አለ፦ የፓራውልቱ ሶኬቶች ተነቅለው ሳለ የመኪናውን ቁልፍ አያብሩ። ኮምፒውተሩ የጎደለውን ሴንሰር ሁሉ እንደ ብልሽት ይመዘግባል፤ መልሰው ከሰኩትም በኋላ አንዳንዱ መብራት በማሽን ካልተሰረዘ ዳሽቦርዱ ላይ ይቀራል።

ፓራውልቱን ሲያወጡ ሁለት ሰው ይሁን። ክብደቱ ብቻውን አይደለም ምክንያቱ፤ ስፋቱ ነው። ለምሳሌ ላንድ ክሩዘር 300 ወደ ጎን 1.98 ሜትር ነው፤ ፓራውልቱም ከዚያ ብዙ አያንስም፣ አንድ ሰው ሁለቱን ጫፍ ሊይዝ አይችልም። አንድ ጫፍ ከወደቀ የሚሰበረው የወደቀው ሳይሆን አሁንም የተሰካው ጎን ነው። ከፊት ለፊቱ መሬት ላይ ወፍራም ብርድ ልብስ ያንጥፉ፤ ሁለታችሁም በአንድ ጊዜ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ወደ ፊት አምጡትና ቁሙ። እዚህ ላይ ነው ገመዶቹ የሚነቀሉት።

ስንት ገመድ እንዳለ እንደ መኪናው ይለያያል። በአንዳንዱ አንድ ትልቅ ሶኬት በአንድ ጥግ ሆኖ የፓራውልቱን ሽቦ ሁሉ ይሰበስባል፤ በሌላው ደግሞ የጭጋግ መብራቶቹ፣ ከ4 እስከ 6 የሚሆኑት የፓርኪንግ ሴንሰሮች፣ የፊት ካሜራው፣ የውጭ ሙቀት መለኪያውና ከፊት ያለን መኪና የሚለየው ራዳር ለየብቻ ይሰካሉ። ከመንቀልዎ በፊት በስልክ ፎቶ ያንሱ፤ ሽቦው በየት በኩል እንዳለፈም ጭምር። ሲመልሱ በሌላ መንገድ ያለፈ ሽቦ በብረት ጠርዝ ይፋቅና ከወራት በኋላ ይቆረጣል። ሶኬቱን ሲነቅሉ ሽቦውን አይሳቡ። ብዙዎቹ ምላስ አላቸው፤ አንዳንዶቹ ከምላሱ ላይ ቀይ ወይም ቢጫ ተንሸራታች መቆለፊያ ይጨምራሉ፣ መጀመሪያ እሱ ወደ ኋላ ይሳባል። ምላሱ እምቢ ካለ ሶኬቱን መጀመሪያ ወደ ውስጥ ገፋ ያድርጉት፤ ጫናው ይቀልለትና ይከፈታል።

የመብራት ማጠቢያ ቱቦ ካለ ባልዲ ያስጠጉ። የውሃው ገንዳ ከቱቦው በላይ ከሆነ ሲነቀል ያለው ሁሉ ይወርዳል። በቱቦው ልክ የሆነ ብሎን ሰክቶ መዝጋት ቀላሉ መፍትሔ ነው። በአንዳንድ መኪኖች ላይ ደግሞ ከፓራውልቱ ጀርባ ባለው ፎም ውስጥ ከጥግ ጥግ የሚሄድ ቀጭን ቱቦ ያያሉ። ይህ የውሃ አይደለም፤ እግረኛ ሲመታ በአየር ግፊት የሚያውቅ ሴንሰር ነው። አይቁረጡት፣ አያጥፉት፣ ከፎሙም አያውጡት።

የወጣውን ፓራውልት በታችኛው ከንፈሩ አያቁሙት፤ ክብደቱ ቀጭኑ ክፍል ላይ ያርፍና ይጣመማል። ቀለም የተቀባው ፊት ብርድ ልብሱ ላይ ሆኖ ውስጡ ወደ ላይ ይሁን፤ የጭጋግ መብራቱን መያዣም በዚህ አቀማመጥ መቀየር ይቀላል።

ራዲያተሩን አጸዳለሁ ስላሉ፦ ፊት ለፊት የሚታየው ራዲያተሩ ሳይሆን የኤሲው ኮንደንሰር ነው፤ ራዲያተሩ ከእሱ ጀርባ ነው። አቧራና ነፍሳት የሚታጨቁት በሁለቱ መካከል ነው፤ ከፊት ብቻ መርጨት ቆሻሻውን ይበልጥ ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ቦታ ካለ ከሞተሩ በኩል ወደ ፊት፣ በቧንቧ ግፊት ብቻ ይርጩ። የግፊት ማጠቢያ ማሽን ቀጫጭኑን ክንፍ አጣጥፎ ይዘጋዋል። ሞተሩም ቀዝቅዞ ይሁን።

ፓራውልቱ ወጥቶ ሳለ 5 ደቂቃ ሰጥተው ከጀርባው ያለውን ይመልከቱ፤ ይህ ዕድል ቶሎ አይገኝም። ፎሙ ተሰንጥቋል? ከፎሙ ጀርባ ያለው የአሉሚኒየም ወይም የብረት አግዳሚ ቀጥ ያለ ነው? አግዳሚው ከሻንሲው ጋር በሚገናኝባቸው ሁለት ሳጥኖች ላይ የታጠፈ ቆርቆሮ ካለ መኪናው ከዚህ በፊት ተመትቷል ማለት ነው፤ ፓራውልቱም ሲመለስ ክፍተቱ እኩል አይሆንም። የተሸፈነ ጉዳት የሚያዩት አሁን ነው። የክላክሶቹን ሽቦም ይንኩ፤ የዛገ ሶኬት አሁን ቢጸዳ ይሻላል።

ወደ መመለሱ እንሂድ፤ ስህተቱ በብዛት የሚሠራው እዚህ ነው። ከመግጠምዎ በፊት የጎን ሐዲዶቹን አንድ በአንድ ያረጋግጡ። ጥርስ የተሰበረበት ሐዲድ ከሆነ ይቀየር፤ ራሱን ችሎ የሚሸጥ ትንሽ ዕቃ ነው፣ በ2 ወይም በ3 ብሎን ይያዛል። በተሰበረ ሐዲድ ላይ የገባ ፓራውልት መጀመሪያ ደህና ይመስላል፤ በፍጥነት ሲነዱ ነፋሱ ጥጉን ይከፍተዋል። ከቆርቆሮው ላይ የወጡ ዳዶዎች ካሉም መልሰው ይሰኳቸው፤ ቀዳዳቸው ከቆርቆሮው ቀዳዳ ጋር እኩል መሆኑን በጣት ይዩ።

ፓራውልቱን ሁለታችሁ ይዛችሁ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲቀር ቁሙና ሶኬቶቹን ሁሉ ሰኩ፤ እያንዳንዱ ቀጭ ማለት አለበት። ባትሪውን ለጊዜው መልሰው፣ ቁልፉን አብርተው የጭጋግ መብራቱንና ካሜራውን መሞከር የሚቻለው ሁሉም ሶኬት ከተሰካ በኋላ ብቻ ነው። ከዚያ መሐሉን ከግሪሉ በላይ ባለው አግዳሚ ላይ ያሳርፉት፣ በመብራቶቹ ሥር ያሉትን መሪ ጆሮዎች ያስገቡ፤ በመጨረሻም ጎኖቹን። እዚህ አቅጣጫው ሲወጣ ከነበረው ይገለበጣል፦ ከመብራቱ ጥግ ጀምረው ወደ ጎማው ቤት፣ በመዳፍ ጠርዝ መታ መታ እያደረጉ። ጥርሱ ሲገባ ይሰማል። ካልሰማ አልገባም።

ብሎኖቹን ሁሉ መጀመሪያ በእጅ፣ ግማሽ ድረስ ብቻ ያስገቡ። አንዱን ጎን ጨርሶ አጥብቆ ወደ ሌላው መሄድ ፓራውልቱን ወደዚያ ጎን ይጎትተዋል፤ ከዚያ በተቃራኒው ጥግ ብሎኑ ከቀዳዳው ጋር አይገጥምም፣ ሰውም በኃይል ያስገባዋል። ሁሉም ብሎን ገብቶ ሲያበቃ በሁለቱ መብራቶች ዙሪያ ያለውን ክፍተት አይተው በእጅ ያስተካክሉና መጀመሪያ የላይኛውን መሐል፣ ቀጥሎ የጎማ ቤቶቹን፣ በመጨረሻ የታችኛውን ያጥብቁ። ቶርክ መፍቻ (የማጥበቂያ ኃይልን የሚለካ መፍቻ) ካለዎት፣ 10 ቁጥር ራስ ያለው ኤም6 ብሎን በአብዛኛው ከ5 እስከ 8 ኒውተን ሜትር ይበቃዋል፤ በቀጥታ ወደ ፕላስቲክ የሚገባው ደግሞ ከ1.5 እስከ 2.5 ብቻ። ከሌለዎት ራቼቱን በጠቅላላ ክንድ ሳይሆን በሁለት ጣት ያዙሩ። ለሞተር ሥር መከላከያው ትልልቅ ብሎኖች ግን የመኪናውን መመሪያ ይከተሉ፤ እነሱ ብረት ከብረት ጋር ናቸው።

ክሊፖቹ ሁለት ዋና ዓይነት ናቸው፤ ሲመለሱ የሚሰበሩትም ይህን ባለማወቅ ነው። አንዱ መሐሉ ወደ ላይ ተስቦ የሚለቅ ነው፤ ሲመለስ መሐሉ እንደተሳበ ገብቶ ከዚያ ይጫናል። ሌላው መሐሉ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ሲጫን የሚለቅ ነው፤ ይህን ሲመልሱ መሐሉን በጀርባ በኩል ገፍተው ወደ ላይ ካላወጡት ቀዳዳው ውስጥ አይቆልፍም፣ በመጀመሪያው ጉድጓድ ይወድቃል። የጎማ ቤት ክሊፖች ላይ ጭቃ ስለሚደርቅ መሐሉ እምቢ ይላል፤ በካቻቢቴ ከመታገል በፊት በውሃ ያርሱት፣ አብዛኛው ያኔ ይለቃል። የሁለተኛውን ዓይነት ግን ከልክ በላይ አይጫኑት፤ መሐሉ አልፎ ከኋላ ይወድቃል። የካቻቢቴ መስቀል ያለበትን ክሊፕ ደግሞ እያዞሩ ቀስ ብለው ወደ ላይ ያንሱት፤ ዝም ብሎ የሚሽከረከር ከሆነ ከሥሩ በመላጫ ይደገፍ።

ጆሮ ከተሰበረስ? ተራ ፈጣን ማጣበቂያ አይሞክሩ። ፖሊፕሮፒሊን አብዛኛውን ማጣበቂያ አይቀበልም፤ ለጊዜው የያዘ መስሎ በመጀመሪያው ንዝረት ይለቃል። የሚይዘው ከጀርባ በኩል በጋለ ሽቦ መስፋት ወይም በዚያው ዓይነት ፕላስቲክ መበየድ ነው። የፕላስቲኩ ዓይነት በፓራውልቱ የውስጥ ገጽ ላይ በፊደል ታትሞ ይገኛል፤ የመበየጃው ዘንግም ያንኑ ዓይነት መሆን አለበት። ከአሥር ጆሮ አንዱ ቢሰበር ፓራውልቱ አይወድቅም፤ በጥጉ ያለው ከተሰበረ ግን ይጠገን።

ራዳር ካለው መኪናዎ ተጨማሪ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ራዳሩ በብዙ መኪኖች ከግሪሉ ዓርማ ጀርባ ወይም በታችኛው ግሪል ውስጥ ይቀመጣል። የሚያሳስበው መሰበሩ ሳይሆን መዞሩ ነው፤ በ1 ዲግሪ ብቻ ቢጣመም፣ 100 ሜትር ፊት ለፊት ሲደርስ ጨረሩ 1.75 ሜትር ያህል ከቦታው ይስታል፣ ይህም የአጠገብ መስመር መኪናን እንደ ፊት መኪና ለማየት ይበቃዋል። ስለዚህ የራዳሩን መያዣ ብሎኖች አይፍቱ፤ የፓራውልቱ እንጂ የእሱ አይደሉም። በላዩ ላይ ሁለት ወይም ሦስት የማስተካከያ ብሎን ካዩም አይንኩ። መያዣው ከተነካ ወይም መኪናው ከዚህ በፊት ተመትቶ ከሆነ፣ አንዳንድ አምራቾች ደግሞ ፓራውልቱ በወጣ ቁጥር፣ በማሽን ማስተካከል ይጠይቃሉ፤ የመኪናዎን መመሪያ ይዩ። ፓራውልቱን ቀለም ለማስቀባት የሚያወልቅ ሰውም ይህን ይወቅ፦ ከራዳሩ ፊት የተቀባ ስቱኮ ወይም ብረት የተቀላቀለበት ወፍራም ቀለም ጨረሩን ያደክመዋል። የፓርኪንግ ሴንሰሮችም በድርብ ቀለም ይደነቁራሉ።

ይህ ሁሉ ለፕላስቲክ ፓራውልት ነው። እንደ ላንድ ክሩዘር 70 ያሉ የብረት ፓራውልት ያላቸው መኪኖች ጥርስና ክሊፕ አያውቁም፤ በቀጥታ ሻንሲው ላይ በትልልቅ ብሎን ይታሰራሉ። ሥራቸው ቀላል ነው፣ ክብደታቸው ግን አይደለም፤ የመጨረሻዎቹ ብሎኖች ከመፈታታቸው በፊት ከሥሩ ክሪክ በእንጨት ላይ አስደግፈው ይያዙት። ዊንች ካለበት መጀመሪያ ዊንቹ ይውረድ።

መኪናውን ማንሳት አስፈልጎዎት ከሆነ፣ ለምሳሌ የሞተር ሥር መከላከያውን ለመፍታት፣ በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር አይግቡ። ካቫሌቶ (የተነሳን መኪና የሚደግፍ የብረት መቆሚያ) ሻንሲው ላይ ይደገፍ፣ የኋላ ጎማዎቹም ይታገዱ። አብዛኞቹ ትልልቅ ኤስዩቪዎች ግን ከመሬት ስለሚርቁ፣ የታችኛው ሥራ መኪናው ሳይነሳ ጋደም ተብሎ ይሠራል።

ሁሉም ሲያልቅ ባትሪውን ይመልሱና ቁልፉን ያብሩ። የኤርባጉ መብራት ጥቂት ሰከንድ በርቶ መጥፋት አለበት። ካልጠፋ የሆነ ሶኬት በደንብ አልተሰካም፤ ቁልፉን አጥፍተው፣ ባትሪውን እንደገና ነቅለው፣ ጠብቀው ይፈልጉት። መስኮቶቹ በአንድ ንክኪ አልዘጋ ቢሉ አይደንግጡ፤ ባትሪ ሲነቀል ልካቸውን ይረሳሉ፣ በአብዛኛው እስከ ላይ ዘግተው ማብሪያውን ጥቂት ሰከንድ መያዝ ይበቃል። መሪውን ከጥግ እስከ ጥግ አዙረው ጎማው የውስጥ ሽፋኑን እንደማይነካ ያዳምጡ፤ የሚፋቅ ድምፅ ከሰሙ ከሽፋኑ ክሊፖች አንዱ አልያዘም። 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከነዱ በኋላ የጎማ ቤቱን ጥጎች በጣት ነክተው ጥርሱ እንዳልወጣ፣ ከታችም ብሎን እንዳልላላ ይዩ።